ስክሪናችሁን ያጠቆራችሁት ለዓይናችሁ ነው ወይስ ለውበት?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተራችሁ መልክ ነው። "ዶክተሩ ደግሞ ምን ነካው?" እንዳትሉኝ። በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች መካከል "ዶክተር፣ ዓይኔ ይደክማል፣ ራሴን ያመኛል፤ ስክሪኑን ዳርክ ሞድ አድርጌዋለሁ፣ ግን ለውጥ የለም" የሚለው በጣም እየበዛ ስለመጣ ነው። ስለዚህ ሐሳቤን በግልጽ ልንገራችሁ። ከሐሳቤ በፊት ግን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ላፕቶፔ ላይ አዲስ ቲም ጫነልኝ። ጀርባው ጥቁር፣ ፎልደሮቹ ጥቁር፣ ኤክሴሉም ጥቁር፣ ጽሑፉ ደግሞ ቀጠን ያለ ግራጫ። ያምር ነበር፣ አልዋሽም። አንድ የተረኝነት ሌሊት ላይ የሕፃናት መድኃኒት መጠን የጻፍኩበትን የራሴን ሰንጠረዥ ከፍቼ ለተረኛዋ ነርስ "አምስት ሚሊ ሊትር" አልኳት። ሲስተር ግን ዝም ብላ አልተቀበለችኝም። "ዶክተር፣ ለዚህ ክብደት አምስት አይበዛም? እስቲ እንደገና ይዩት" አለችኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ከ5ቱ በፊት ነጥብ አለች። ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው። አሥር እጥፍ ልሰጥ ነበር ማለት ነው።

ከነጥቡ በፊት ዜሮ አለመጻፌ የራሴ ጥፋት ነው፤ 0.5 ተብሎ መጻፍ ነበረበት። እንቅልፍ ማጣትም ነበረበት። ግን ያቺ ግራጫ ነጥብ በነጭ ገፅ ላይ ጥቁር ሆና ብትቀመጥ ኖሮ አያት ነበር ብዬ አምናለሁ። ቲሙን የቀየርኩት ያኑ ሌሊት ነው። ሲስተርን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ከዚያ ወዲህ አቋሜ አንድ ነው፦ ለዓይን የሚበጀው ቲም ሳትጨነቁ የምታነቡበት ነው እንጂ የሚያምረው አይደለም። ጥቁር መሆኑ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም።

ለመሆኑ ቲም ምንድነው?

ቲም ማለት የኮምፒውተራችን "ልብስ" ነው። የጀርባው ምስል፣ የመስኮቶቹ ቀለም፣ የፊደሉ ዓይነትና መጠን፣ የማውዙ ቀስት፣ ሁሉም ተደምሮ ነው። በኢንተርኔት ካፌ ዘመን ያደግን ሰዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር የመጣውን አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ አንረሳውም። ያ ፎቶ ቻርልስ ኦሪር የተባለ ፎቶግራፈር በ1996 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳው ነው። ልብ በሉ፣ ምስሉ ላይ ብዙ ነገር የለም። ሣርና ሰማይ፣ በቃ። በላዩ የተቀመጡትን የፋይል ስሞች ለማንበብ ዓይን አይታገልም ነበር።

አሁን ፋሽኑ ጥቁር ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ማክም ዊንዶውስም ጥቁሩን ገፅታ አስፋፉት፤ በቀጣዩ ዓመት አንድሮይድ 10 እና አይኦኤስ 13 ይዘውት ወደ ስልካችን ገቡ። ከዚያ በኋላ "ጥቁር ለዓይን ጥሩ ነው" የሚለው ወሬ እንደ ሕክምና ምክር ተቆጠረ። እኔ የምቃወመው ይሄንን ነው።

ዓይናችን ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ብርሃን ያለው ነገር ስናይ የዓይናችን ብሌን ይጠባል። ሲጠብ ምስሉ ጥርት ይላል። ሩቅ ያለ ታርጋ ለማንበብ ዓይናችንን ጨፈን እንደምናደርገው ማለት ነው። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ግን ብሌኑ ይሰፋል፣ የምስሉ ጠርዝም ትንሽ ይደበዝዛል። በጀርመን ዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ ጥናቶች ይህንኑ አሳይተዋል፦ ወጣቶችም አዛውንቶችም በነጭ ላይ የተጻፈ ጥቁር ጽሑፍ ሲሰጣቸው ስህተት በመልቀም የተሻሉ ነበሩ።

በተለይ አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው፣ ማለትም የዓይኑ የፊት መስታወት እኩል ክብ ያልሆነ ሰው፣ በጥቁር ላይ ያለ ነጭ ፊደል የሚፈስ ወይም ጥላ ያለው ሊመስለው ይችላል። ብዙ ሰው ደግሞ ይህ ችግር እንዳለበት እንኳ አያውቅም፤ ተመርምሮ ስለማያውቅ።

እኛ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ፊደላችን። ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው። ቡ እና ቢ የሚለያዩት ደግሞ ቅጥያዋ ወገቡ ላይ ወይም እግሩ ላይ በመሆኗ ነው። ፊደሉ ሲያንስ፣ ሲቀጥንና ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ጭረቶች ናቸው። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የሚበቃ መጠን ለአማርኛ ላይበቃ ይችላል። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ የምትጽፉ የቢሮ ሰዎች፣ ይሄ እናንተን ይመለከታል።

"ታዲያ ዓይኔ ለምን ይደክማል?"

ዋናው ምክንያት ቀለሙ አይደለም። በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል የምንርገበገበው ሰዎች ስክሪን ላይ ስናፈጥ ወደ ግማሽና ከዚያም በታች እንወርዳለን። ዓይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል፣ ያቃጥላል። ለሰዓታት ቅርብ ነገር ብቻ ማየትም የዓይንን ጡንቻ ያደክማል። ስክሪኑን ብታጠቁሩትም ካልተርገበገባችሁ ያው ነው።

ስለ "ብሉ ላይት" መነፅርም እጠየቃለሁ። ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. 17 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚያጣሩ መነፅሮች በአጭር ጊዜ ውስጥ ከኮምፒውተር የሚመጣን የዓይን ድካም ከተራ መነፅር የበለጠ ላይቀንሱ እንደሚችሉ ደምድሟል። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አስቡበት።

አሁን ወደ አንዲት ታካሚዬ ልውሰዳችሁ። አርባዎቹን የጀመሩ የሂሳብ ባለሙያ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ግንባራቸውን እየያዙ መሥራት አቅቷቸዋል። መጀመሪያ ልጃቸው ኮምፒውተሩን ጥቁር አደረገላቸው። አልሆነም። ቀጥሎ የስክሪን መነፅር ገዙ። አልሆነም። ሲብስባቸው "ዶክተር፣ ሥራውን ልተወው ነው፤ ኮምፒውተር ለእኔ አልተፈጠረም" አሉኝ። ይህን የሚሉት ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው! የቅርብ ማየታቸውን ስንፈትነው ጽሑፉን እያራቁ ነው የሚያነቡት። ወደ ዓይን ክፍል ላክኋቸው። ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሁላችንንም የሚያገኘን የቅርብ እይታ መድከም ነበር፤ የማንበቢያ መነፅር ታዘዘላቸው። ዛሬም እዚያው ሥራቸው ላይ ናቸው።

የሚያሳዝነኝ ምን መሰላችሁ? ያን ሁሉ ጊዜ ቲሙ ችግሩን አልፈታውም፣ ሸፈነው እንጂ። "አንድ ነገር አድርጌያለሁ" የሚለው ስሜት ምርመራውን አዘገየው።

ጥቁር መቼ ይጠቅማል?

ፍርደ ገምድል ላለመሆን ይሄንንም ልበል። መብራት ጠፍቶ ጨለማ ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ የምትከፍቱ ከሆነ ነጩ ስክሪን ዓይን ይወጋል፤ ያኔ ጥቁሩ ይመቻል። ማይግሬን ያለበትና ብርሃን የሚረብሸው ሰው ሊቀለው ይችላል። የዓይን ሞራ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ነጩ ብርሃን ዓይናቸው ውስጥ ስለሚበተንባቸው በጥቁር ላይ ነጭ የተሻለ ሊያነቡ ይችላሉ። እነዚህ ሰዎች ግን ቲም ለውጠው መቀመጥ የለባቸውም። የዓይን ሞራ በአገራችን ዋነኛው የዓይነ ስውርነት መንስኤ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ደግሞ ይድናል። አባታችሁ ወይም እናታችሁ "ስልኩን ጥቁር አድርጉልኝ፣ ነጩ ያንፀባርቅብኛል" ካሉ፣ አድርጉላቸው፤ በማግስቱ ግን ዓይናቸውን አስመርምሩ።

ምን እናድርግ?

1. የወረቀት ሙከራ አድርጉ። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዙ። ስክሪኑ እንደ አምፖል ካበራ ብርሃኑን ቀንሱ፤ ከወረቀቱ ይልቅ ግራጫ ከመሰለ ጨምሩ። ስክሪኑ ከክፍሉ ብርሃን ጋር ይመጣጠን፤ ቀን ቀን ነጩን፣ ጨለማ ውስጥ ጥቁሩን መጠቀም ይቻላል።

2. ጥቁር ከወደዳችሁ ግማሽ ግማሽ አድርጉት። ዊንዶውስ ላይ በዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ቀኝ ክሊክ፣ ፐርሰናላይዝ፣ ከለርስ፤ እዚያ "ከስተም" የሚለውን ምረጡ። የታችኛው መስመር ጥቁር ሆኖ ወርድና ኤክሴልን የመሳሰሉት የምታነቡባቸው መስኮቶች ነጭ እንዲሆኑ ማድረግ ይቻላል። ውበቱም አይቀርባችሁ፣ ንባቡም።

3. ፊደሉን አተልቁ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ቴክስት ሳይዝ፤ እስከ 225 በመቶ ይሄዳል። ስልካችሁም ላይ በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ አለ። "የሽማግሌ ስልክ መሰለ" ብላችሁ አትፈሩ።

4. ቀጭን ግራጫ ፊደል ያለውን ቲም ተዉት። ዓለም አቀፉ የድረ ገፅ ተደራሽነት መመሪያ በተራ ጽሑፍና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት እንዲኖር ይጠይቃል። ለእኛ ቀላሉ መለኪያ ይሄ ነው፦ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ ሳትጠጉ ማንበብ ካልቻላችሁ ቲሙ ይቀየር።

5. የልጆቻችሁን ፎቶ፣ የቅዱሳን ሥዕሉን ወይም የክለባችሁን አርማ ሎክ ስክሪኑ ላይ አድርጉት። ኮምፒውተሩን በከፈታችሁ ቁጥር ታዩታላችሁ። ፋይል የሚደረደርበት ዴስክቶፕ ግን አንድ ወጥ ቀለም ይሁን። በፎቶው ውስጥ የፋይል ስም መፈለግ የዓይን ሥራን በከንቱ ማብዛት ነው።

6. በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ተመልከቱ። በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ይበቃል። እግረ መንገዳችሁን ሆን ብላችሁ ተርገብገቡ። ስክሪኑም ከፊታችሁ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ የላይኛው ጠርዙ ከዓይናችሁ ከፍ አይበል።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው?

ከላይ ያለውን ለሁለት ሳምንት ሞክራችሁ ድካሙ ወይም ራስ ምታቱ ካልለቀቃችሁ ተመርመሩ። ዕድሜያችሁ 40 ካለፈ ባያማችሁም ተመርመሩ፤ ግላኮማ መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ እይታን ይሰርቃል። የስኳር ሕመም ያለባችሁ በየዓመቱ የዓይን ምርመራ አይቅርባችሁ።

እይታችሁ በድንገት ከቀነሰ፣ ብልጭታ ወይም ብዙ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጠብጣቦች በድንገት ከታዩአችሁ፣ ጥላ እንደ መጋረጃ ከወረደባችሁ፣ ወይም ዓይናችሁ ቀልቶ ከባድ ሕመም ካለው ግን ለነገ አትበሉ። የዚያኑ ዕለት የዓይን ሕክምና ወዳለበት ሂዱ። ለእነዚህ የትኛውም ቲም መፍትሔ አይሆንም።

በመጨረሻ፣ ኮምፒውተራችሁን አታስውቡ እያልኳችሁ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የምታዩት ነገር ደስ ቢላችሁ ለመንፈስም ጥሩ ነው። የኔ ላፕቶፕ ሎክ ስክሪን ላይ የትውልድ መንደሬ ፎቶ አለ። ከዚያ በኋላ የሚከፈተው ግን ተራ ፈዛዛ ጀርባና ትልቅ ጥቁር ፊደል ነው። ያዩት ባልደረቦቼ "ዶክተር፣ ይሄ ነገር አያምርም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ አያምርም። ነጥቧ ግን ትታያለች።

እናንተስ የምትጠቀሙት የትኛውን ነው? ለውጡን ሞክራችሁ ያያችሁትን በኮሜንት ጻፉልኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።