ከአሥሩ አንዱ የግድ ይውደቅ?

ሠራተኛን በዓመት አንዴ አሰልፎ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ ማውጣት ላይ ላዩን ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል፤ በተለይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችንን ምዘና ለሚያውቅ። ቅጹ ይሞላል፣ ለብዙው ሰው «ከፍተኛ» ተብሎ ይጻፋል፣ አለቃና ሠራተኛ ሳይቀያየሙ ይለያያሉ። ሲለፋ የከረመውም ሲያዛጋ የከረመውም እኩል ነው። በዚህ የተማረረ ሥራ አስኪያጅ «ኮታ ይቀመጥ፤ ከአሥሩ ሁለቱ ብቻ ምርጥ፣ አንዱ የግድ ደካማ ይባል» ቢል አልፈርድበትም። ብቻ በፊት የሞከሩት ምን እንደገጠማቸው ይይ።

አሠራሩን ዝነኛ ያደረገው ጄኔራል ኤሌክትሪክን ከ1981 እስከ 2001 የመራው ጃክ ዌልች ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ሃያ በመቶው ምርጥ፣ ሰባ በመቶው መካከለኛ፣ አሥር በመቶው ተሰናባች። የኩባንያው አክሲዮን በዘመኑ ስለተመነደገ ሌሎችም ምዘናውን ቀዱ። ፎርድ በ2000 ጀምሮ በ2001 ተወው፤ የከሰሱትን ሠራተኞችም በ10.5 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ።

የማይክሮሶፍት ታሪክ ግን ይብሳል። በ2012 ከርት አይከንዋልድ በቫኒቲ ፌር መጽሔት ስለ ኩባንያው ሲጽፍ ያነጋገራቸው የቀድሞም የወቅቱም ሠራተኞች ሁሉ አንድ ነገር ላይ ተስማምተው ነበር፦ ውስጣችንን የበላው ይህ ምዘና ነው። ነገሩ ግልጽ ነው። አሥር ጎበዝ መሐንዲሶች መርጠው አንድ ቡድን ውስጥ ቢያስገቡ አንዱ ደካማ እንደሚባል ሥራው ሳይጀመር ታውቋል። ታዲያ ብልጡ መሐንዲስ ምን ያደርጋል? ከጎበዞቹ ይሸሻል። በዩኒቨርሲቲ በከርቭ የተመዘነ ሰው ይህን ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም፤ ቀለሜ የበዛበት ክፍል ሲደርሰው ምን እንደተሰማው፣ ማን ሃንድአውት እንደደበቀ ያስታውሳል። ተማሪው ቢደብቅ የሚጎዳው የክፍል ጓደኛውን ነው። ሶፍትዌር ሠሪው የሚያውቀውን ለባልደረባው ቆጥቦ ሲነግር ግን የሚበላሸው የጋራ ሥራቸው ነው። ማይክሮሶፍት በኅዳር 2013 ኮታውን ሰረዘ።

ከርቩ ራሱም ቢሆን የሚሠራው ሳይመረጥ ለተሰበሰበ ብዙ ሕዝብ ነው። ፈትነን መርጠን የቀጠርናቸው ስምንት ሰዎች ለምን ጥቂቱ ምርጥ፣ ብዙው መካከለኛ፣ ጥቂቱ ደካማ ሆነው ይደረደራሉ? ዓመታዊ ምዘናን ከድርጅት ገዳይ በሽታዎች አንዱ አድርጎ የቆጠረው የጥራት ሊቅ ኤድዋርድስ ዴሚንግ ደግሞ አብዛኛው ውጤት ከሰውየው ይልቅ ከአሠራሩ እንደሚመጣ ደጋግሞ አስተምሯል። በየቀኑ «ሲስተም የለም» እያለ ደንበኛ የሚመልስ የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ ኔትወርኩ ካልተቋረጠበት ቅርንጫፍ ባልደረባው ጋር ተወዳድሮ ቢበለጥ ምኑ ተለካ?

የማዝነው ግን ለአለቃው ነው፣ ወይም በአለቃው ነው። «ሥራህ አላረካኝም» ብሎ ፊት ለፊት ለመናገር የሚፈራ ሰው ዛሬ ለሁሉም ከፍተኛ ይሞላል፤ ኮታ ሲመጣለት ደግሞ «እኔ ምን ላድርግ፣ ኮታው ነው» ይላል። ጥቅምት ላይ የተበላሸውን ሥራ ጥቅምት ላይ ሳይነግረው ሰኔ ላይ በቁጥር ያሳውቀዋል። ማይክሮሶፍት እንኳ ኮታውን ሲተው በቦነስ ማበላለጡን አልተወም፤ ለማን ምን ያህል እንደሚገባ በተመደበለት በጀት ውስጥ የቅርብ አለቃው ይወስን አለ እንጂ።