ለዳገቱ ጉልበት ከመግዛታችሁ በፊት ቁልቁለቱን አስቡ

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ከሞጣ ደወሉልኝ። ሰላምታው በቅጡ ሳያልቅ «አንተ እዚያው ነህና እስቲ ሶማሌ ተራ ወርደህ የሞተር ዋጋ ጠይቅልኝ» አሉኝ። አይሱዙ ኤንፒአራቸው ዘይት ይበላል። ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ጤፍ ጭኖ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከኋላ በእግሩ ይከተላል።

የሞጣው መካኒክ «ሞተሩ ይውረድ፣ ይታደሳል» ብሏቸዋል። ደላላው ግን ሌላ ዜማ ነው ያመጣው። «አባባ፣ አሮጌ ሞተር ላይ ገንዘብ አያፍስሱ። ከዚህ የሚበልጥ፣ ባለ ቱርቦ ላስገጥምልዎ። ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የሚወጡት!» የደላላው ዋጋ የመካኒኩ እጥፍ ነው። ጋሼ ልዩነቱን ለመሙላት አንድ ጥማድ በሬና ከተማ ውስጥ ያለቻቸውን ቁራሽ ቦታ ሊሸጡ ቆርጠዋል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ መጠየቅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መካኒክም፣ ሹፌርም፣ ዕቃ ሻጭም ስጠይቅ ከረምኩ። የደረስኩበትን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ሞተሩ ያረጀበት ሰው መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ማደስን ነው። የግድ መቀየር ካለበትም በዚያው ዓይነት ሞተር ነው። «ጉልበት ለመጨመር» ተብሎ የሚደረግ ቅየራ ግን በእኛ መንገድ ላይ ገንዘብ የሚበላ፣ ሲከፋም ሰው የሚበላ ውሳኔ ነው።

ለመሆኑ ጉልበቱ የት ሄደ?

ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ናፍጣ ደግሞ ያለ አየር አይነድም። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንኳ በወረቀት የተጻፈለትን ጉልበት ሞጣ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ጋሼ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ሞተሩ አርጅቷል። ግን ድሮ የሚጭኑት ኩንታልም እንዲህ አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ አለ። የደከመው በእርግጥ ሞተሩ ነው? የአየር ማጣሪያው ከገጠር መንገድ በተሰበሰበ አቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ኢንጀክተሩ ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨቱን ትቶ እያንጠባጠበ ይሆናል። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ወይም አንዱ ጎማ ፍሬን ይዞ እየተጎተተ ይሆናል። ጭሱን ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ ነጭ ከሆነ ያልነደደ ናፍጣ ወይም ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ ነው። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት መለካት የአንድ ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግማሽ ቀን ሳይሰጡ ጥማድ በሬ መሸጥ ምን የሚሉት ችኮላ ነው?

ሌላም መድኃኒት ተብዬ አለ። አንዳንዱ የፖምፓውን ብሎን ነካክቶ የሚገባውን ናፍጣ ይጨምርና «ጉልበት ሰጠሁት» ይላል። መኪናው ለጥቂት ሳምንት ይጋልባል። ከዚያ ጥቁር ጭስ፣ ከዚያ ሙቀት፣ በመጨረሻ የቀለጠ ፒስተን። ያኔ ያው ደላላ ተመልሶ ይመጣል።

እሺ፣ ተለክቶ ሞተሩ በእርግጥ አልቋል እንበል። ከሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ የሚገዛው ትልቅ ሞተር አዲስ አይደለም፣ ያገለገለ ነው። ከየትኛው መኪና እንደወረደ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ፣ ለምን እንደወረደ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ አያውቅም። ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ሞተር ቆንጆ ነው። የራሳችሁን ሞተር ግን ታውቁታላችሁ። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ፣ መቼ እንደሞቀ፣ የትኛው ዳገት ላይ እንደተሰቃየ ታሪኩ በእጃችሁ ነው። የታወቀ በሽተኛን ማከም ካልታወቀ ጤነኛ መግዛት ይሻላል።

ደግሞ ሞተር ብቻውን መኪና አይደለም። ከሞተሩ በኋላ ፍሪሲዮን አለ፣ ካምቢዮ አለ፣ ዲፈረንሻል አለ። ከፊቱ ራዲያተር አለ። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ለቀድሞው ሞተር ልክ ነው። ሞተሩን አሳድጋችሁ ሌላውን ስትተዉ የምታደርጉት ነገር ቢኖር የሚሰበረውን ቦታ መቀየር ነው። ትናንት ሞተሩ ያቃስት ነበር፤ ነገ ካምቢዮው ዓባይ በረሃ ውስጥ ይፈነዳል። በዚያ ላይ አዳዲሶቹ ባለ ቱርቦ ሞተሮች ብዙዎቹ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ናቸው። የናፍጣ ቆሻሻ አይወዱም፣ ሲታመሙም መመርመሪያ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ጉንደወይን ላይ ቢቆም ማን ያናግረዋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከቢቸናና ከሞጣ ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው ዳገት አይደለም። ቁልቁለት ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ፣ ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ ይወርዳል። የጎሐ ጽዮን አቀበት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ስለ አቀበቱ ብቻ እናወራለን።

እስቲ አብረን እናስላው። ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከሁለት ሊትር በላይ ናፍጣ ሲነድ የሚወጣውን ሙቀት ያህላል። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የተወሰነውን ሞተሩ በማርሽ ሲያዝ ይውጠዋል፤ የቀረው የፍሬኑ ሸራና ታምቡር ላይ ያርፋል። ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል። ሹፌሩ ይረግጣል፣ ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይሰማም። ዓባይ በረሃን የሚያውቅ ሰው የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

«ትልቅ ሞተርኮ በማርሽ ሲያዝ የተሻለ ይይዛል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በመጠኑ ይይዛል። ግን ወገኖቼ፣ እውነቱን እንነጋገር። ትልቅ ሞተር ያስገጠመ ባለንብረት በድሮው ኩንታል የሚሄድ ይመስላችኋል? ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ለምን ሆነና! ሃያ ኩንታል ይጨምራል። ሻንሲው ያው ነው፣ ባሌስትራው ያው ነው፣ ፍሬኑ ያው ነው። ጉልበቱ ለአቀበቱ ተገዛ፤ ዕዳውን ቁልቁለቱ ይከፍላል። ሕዝባችን አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ለቀልድ አይደለም። ከስያሜው በስተጀርባ ቀብር አለ።

የሹፌሮቹን ክርክር ግን አላቃልልም። አንዱ የነገረኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «ጋዜጠኛው፣ አንተ ስለ ፍሬን ታወራለህ። እኔ የምፈራው እየተንፏቀቅሁ ስወጣ ከጫካ የሚወጣውን ነው።» በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው የታገቱትን የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ባለው ጦርነት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ኖሯል። በዚህ መንገድ ላይ «ቶሎ ልለፍ» ማለት ስግብግብነት አይደለም፣ ነፍስን መውደድ ነው። ይህን የሚንቅ ሰው መንገዱን አያውቀውም።

ግን አውቶቡሱም ከጭነት መኪና ይፈጥን ነበር፤ አላዳናቸውም። መንገድ ላይ የተጋደመን ድንጋይና የተደገነን ጠመንጃ በፈረስ ጉልበት አታልፈውም። የመንገድ ደህንነት የመንግሥት ዕዳ ነው። መንግሥት ያልከፈለውን ዕዳ ባለንብረቱ በሬውን ሸጦ በቱርቦ ሊከፍል አይችልም።

የገንዘቡም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የነዳጅ ድጎማም ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተነስቷል። ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ተወዷል፤ ፋሻውም፣ ብሮንዙም፣ ሙሉ ሞተሩም። ነገር ግን የማደስ ወጪ ከፊሉ እዚሁ የሚቀር የቶርኖ ቤትና የመካኒክ ድካም ነው። ሙሉ ሞተር ስትገዛ ገንዘብህ ባሕር ይሻገራል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ መኪናው ይቆማል፤ ብድሩ ግን አይቆምም።

ሕጉንም አትርሱ። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው። ሞተር ቀይሮ ሳያስመዘግብ የሚሄድ ሰው በየኬላው መከራውን ያያል። አደጋ ደርሶ ፍርድ ቤት ሲቆም ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሞተር የማን ነው?» ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መቀየር ሁልጊዜ ስህተት ነው? አይደለም። ብሎኩ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ክራንክ ሻፍቱ ከዚህ በፊት ተደጋግሞ ተሞርዶ የመጨረሻው ልክ ላይ ከደረሰ ማደስ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ያኔ በዚያው ዓይነት ሞተር ይቀየር። በእርግጥ የበለጠ መጫን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ፍሬኑም፣ ሻንሲውም፣ ካምቢዮውም ለዚያ ልክ የተሠራ ከፍ ያለ መኪና ይግዛ። ኤንፒአርን በሞተር ብቻ ኤፍኤስአር ማድረግ አይቻልም።

ማደስ የድሃ ዘዴ ነው የሚለውም ንቀት ይብቃ። አባቶቻችን «ኤን ትሬ» የሚሉትን ፊያት ያወረዱ፣ የፈቱ፣ ያደሱ፣ መልሰው ያስነሱ ሰዎች ናቸው። ያ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር ዓባይን ለአሥርተ ዓመታት የወጣው እየታደሰ ነው። የአሜሪካው ካተርፒላርም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያረጀ ሞተርን ከደንበኛው ተቀብሎ፣ በፋብሪካ አድሶ፣ ዋስትና ሰጥቶ መልሶ ይሸጣል። ልዩነቱ እነሱ ለክተው ያድሳሉ፤ የእኛ ብዙው ጋራዥ ገምቶ ያድሳል።

እዚህ ላይ ነው መካኒኮቻችንንም መቆጣት ያለብን። ማደስ ስሙ የጠፋው በደላላ ብቻ አይደለም። ካሚቻው አልቆ ሳለ ፋሻ ብቻ ቀይሮ «ሙሉ ጥገና» ብሎ የሚያስከፍል አለ። ቴስታታውን ሳያስፈትሽ የሚገጥም አለ። አቧራ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ ሞተር ከፍቶ ሻይ ሊጠጣ የሚሄድ አለ። እንዲህ የታደሰ ሞተር በስድስት ወሩ ተመልሶ ሲያጨስ ባለንብረቱ «ማደስ ዋጋ የለውም» ቢል ምን ይፈረድበታል?

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ባለንብረት ሆይ፣ ሞተርህ ከመውረዱ በፊት ግፊቱ ይለካ፤ ሲታደስም የእያንዳንዱ ክፍል ልክ በወረቀት ይጻፍልህ፣ ዋስትናም ይኑረው። ይህን የማይጽፍ ጋራዥ እንዳትገባ። ዓመታዊ ምርመራ የምታደርጉ ሰዎች፣ ቦሎ ከመስጠታችሁ በፊት ፍሬኑን በመሣሪያ ለኩ፤ በዓይን አይታችሁ አትለጥፉ። በየወረዳው ያላችሁ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ ሞተር ፈቶ መግጠም ብቻ ሳይሆን በማይክሮሜትር መለካትን አስተምሩ። መንግሥትም የፋሻና የብሮንዝ ቀረጥን ከቅንጦት ዕቃ ጋር በአንድ ዓይን አይመልከት። ቢቸናና ሞጣ ላይ ጥሩ ሞተር የሚያድስ አንድ አንድ ቶርኖ ቤት ቢኖር፣ የአንድ ገበሬ ጤፍ አዲስ አበባ የሚደርስበት ዋጋ ላይ ለውጥ ያመጣል።

ትናንት ማታ ለጋሼ መልሼ ደወልኩ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ረዥም ዝም አሉና «ታዲያ በሬዎቹን ልተዋቸው?» አሉኝ። 

«ይተዋቸው ጋሼ፤ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ያርሱባቸው። ሞተሩን ያስለኩና ይታደስ። ግን ከሱም በፊት አንድ ነገር ያድርጉ» አልኳቸው።

«ምን?»

«የፍሬኑን ሸራ ያስቀይሩ።»