በኮንትራት መኪና ፒያሳን መፈለግ

በአዲስ አበባ የእሁድ ሽርሽር የሚጀምረው «መኪና ማን ያመጣል?» በሚል ጥያቄ ነው። ወዴት እንደሚኬድ ሳይቆረጥ መኪናው ይቆረጣል። ባለመኪና ከተገኘ ጓደኛሞች ይሰባሰባሉ፤ ካልተገኘ ገንዘብ ተዋጥቶ ኮንትራት ይያዛል ወይም በስልክ ራይድ ይጠራል፤ እሱም ካልሆነ ነገሩ ለሌላ ሳምንት ያድራል። ደብረ ሊባኖስ ለመውረድ ወይም ወንጪ ለመድረስ ይህ ልማድ ያስኬዳል። ግን አራት ኪሎን ለማየት? ከአራት ኪሎ እስከ ምኒልክ አደባባይ ያለው መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለዚህች መንገድ መኪና የሚከራይ ሽርሽረኛ ምን ሊያይ እንደወጣ ራሱን የጠየቀ አይመስለኝም።

ይህን የምለው ሽርሽሩ ዝም ብሎ መዞር ብቻ ሳይሆን ፍለጋ ሲሆን ነገሩ ስለሚብስ ነው። በስልክ ጂፒኤስ የተደበቀ ነገር የመፈለግ ጨዋታ፣ ባለቤቶቹ ጂኦካሺንግ የሚሉት፣ ዕድሜው ሩብ ምዕተ ዓመት ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ሲቪሎች በሚጠቀሙበት የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን መዛባት አነሳ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ግዛት ውስጥ አንድ ባልዲ ጫካ ሸሽጎ ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ለዓለም አሳወቀ። ባልዲው ውስጥ የፈላጊዎች ስም የሚጻፍበት ደብተርና እርሳስ፣ መጻሕፍት፣ ወንጭፍ፣ አንድ ቆርቆሮ ባቄላም ነበረበት። ጨዋታው ከዚያ ወዲህ ዓለምን ሲያዳርስ ብዙ ዓይነት ሆኗል። ዕቃ የሚደበቅበት አለ፤ ከአንዱ ነጥብ ያገኙትን ቁጥር ይዘው ቀጣዩን ነጥብ የሚያሰሉበት አለ፤ ምንም ዕቃ ሳይደበቅ ቦታው ላይ ተገኝቶ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ያለበትም አለ።

ለአራት ኪሎ የሚሆነው የመጨረሻው ነው። ከፓርላማው አጥር ሥር ወይም ከቤተ መንግሥቱ ግንብ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ጣሳ የሚቀብር ሰው ምን እንደሚገጥመው መንገር አያስፈልግም። ዕቃውን ተዉትና ጥያቄውን ያዙ። የምንፈልገው ነገር ራሱ ከተማው ይሆናል ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው መኪና ጨዋታውን የሚያፈርሰው።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ከዐድዋ ድል በኋላ የተሠራ ነው፤ በግንባታውም ሴባስቲያኖ ካስታኛ የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ ተሳትፎበታል። ሕንፃው ባለ ስምንት ጎን ነው። «ካቴድራሉ ስንት ጎን አለው?» የሚል ጥያቄ ለፈላጊ ይሰጠው እንበል። ይህ ጥያቄ ከመኪና መስኮት መልስ የለውም። ከመንገዱ የሚታየው ሁለት ወይም ሦስት ጎን ነው፤ የቀረው በዛፍና በአጥር ይሸፈናል። ቅጥሩ ውስጥ መግባት፣ ጫማ አቧራ ማስነካት፣ ከምእመናኑ ጋር ዞሮ መውጣት ግድ ይላል። የዞረ ሰው ደግሞ መቁጠር ብቻ አይሆንለትም። ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው የሚጸልዩትን እናቶች ያያል፤ ፈቃድ ካገኘና ከገባ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ሥራዎች ያገኛል፤ ሲወጣም ከፊቱ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ ቆመዋል። ያ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀ፣ ጣሊያኖች ነቅለው የቀበሩት፣ ከድል በኋላም ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ የተደበቀ ዕቃ እሱ ነበር ብል አላጋነንኩም፤ የደበቁት ግን እንዲገኝ ብለው አልነበረም።

ለመኪናው የሚከራከሩ ሰዎች የመጀመሪያ መከራከሪያቸው ጊዜ ነው። «በመኪና ሁሉንም በአንድ ከሰዓት እንጨርሳለን» ይላሉ። ልብ በሉ፣ ግሱ መጨረስ ነው። እሺ፣ እንጨርስ። አራት ኪሎ አደባባይ ስትደርሱ መኪናውን የት ልታቆሙ ነው? አደባባዩ ዙሪያ ማቆም አይቻልም። ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ፓርላማው በኩል ገና ፍጥነት ስትቀንሱ ጥበቃ ዓይኑን ይጥልባችኋል። በኮሪደር ልማቱ የታደሱት መንገዶች ዳር ላይ የሚቆም መኪና ቅጣት ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንዱ ወርዶ ፎቶ ያነሳል፤ ሹፌሩ አንድ ዙር ዞሮ ይመለሳል፤ የቀሩት መኪናው ውስጥ ሆነው «ይሄ ነው?» ይባባላሉ። ሥላሴ ካቴድራል ጋ ስትደርሱም እንደዚያው ነው፤ ፒያሳ ስትደርሱ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። በዚህ ዓይነት ጉዞ የከሰዓቱ ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ማቆሚያ ፍለጋ ላይ ነው። ፈላጊዎቹ ወጥተው የፈለጉት ነገር ይኸው ይሆናል።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ጂፒኤሱ ያደርሰናል» የሚለው ነው። ራይድ የጠራ ሁሉ እንደሚያውቀው ሹፌሩ ካርታው ላይ ያለውን ነጥብ እያየ «የት ጋ ነህ?» ብሎ ይደውላል። አልተሳሳተም። ከተማችን በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይደለም የሚነገረው፤ «ከሲኒማ አምፒር ወረድ ብሎ» ወይም «ከሀገር ፍቅር ፊት ለፊት» እየተባለ ነው። ስልኩ ደግሞ በዚህ ጨዋታ የሚያሳየው በአየር የተሰመረ ቀጥ ያለ ርቀት ነው። ሰማንያ ሜትር ቀረ ሲል በመካከል ገደል፣ ግንብ ወይም የሰው ግቢ መኖሩን አይነግርም። እግረኛ ይህን በራሱ ያርመዋል፤ ጠባቧን መንገድ ይይዛል፣ ደረጃ ይወርዳል፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ይጠይቃል። መኪና ግን ሰማንያዋን ሜትር ለመድረስ አንድ አቅጣጫ መንገድ ዞሮ፣ ቀለበት ሠርቶ፣ ሌላ ሰፈር ገብቶ ይመጣል።

አራዳ እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ሰፈሩ የተሠራው ለእግርና ለበቅሎ ነው። ጣሊያኖች ገበያውን ወደ አዲስ ከተማ ከማዛወራቸው በፊት፣ መርካቶ ከመባሉ በፊት፣ የከተማው ገበያ እዚሁ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር፤ መንገዶቹም ከየመኳንንቱ ሰፈር ወደ ገበያውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሮጡ ነበሩ። ሞተር ያለው ነገር ወደዚህ ከተማ ሲመጣ ምን እንደደረሰበት ማወቅ የሚፈልግ ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ ሰባራ ባቡር ድረስ ይሂድ። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ ተሽከርካሪ ተሰብሮ ቀርቶ ሰፈሩ ስሙን ከእሱ ወሰደ። የከተማችን የመጀመሪያው ትልቅ ሞተር ታሪክ ውስጥ የገባው በመቆሙ ነው። ይህን ሰፈር በመኪና አልፎ «አየነው» ማለት ለእኔ ቀልድ ነው።

የእግረኛውን ችግር አልክድም። ክረምት ላይ ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። ከፍታው ወደ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ስለሆነ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚወጣው ዳገት ከባሕር ዳርቻ አገር ለመጣ እንግዳ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስልክ በእጅ ይዞ ካርታ እያዩ መሄድም ለነጣቂ መጋበዝ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ግን መድኃኒቱ መኪና ሳይሆን ስልኩን ኪስ መክተት ነው። ጥሩ ፈላጊ ስልኩን ሁለቴ ያያል፦ ሲነሳና ሲደርስ። በመካከል ያለውን መንገድ የሚመራው ዓይኑና የጠየቀው ሰው ነው። ዳገቱንም ቢሆን ከተማው በየቀኑ ይወጣዋል። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር እንደሆነ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ሽርሽር ሲሆን ብቻ እግር የማጣት ነገር ከየት መጣ? መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። በእግር የሚሄድ የቸገረው ነው፣ በመኪና የሚዞር የደላው ነው የሚል ንቀት ውስጣችን አለ። እንግዳ ሲመጣብን «በእግር ወስዳችሁ አታዋርዱት» እንላለን፤ ፈረንጁ እንግዳ ግን ከእኛ መኪና ወርዶ ብቻውን ቶሞካ ቡና ሲጠጣ ይገኛል።

በቅርቡ ደግሞ አዲስ ሰበብ ተወልዷል፦ «የእኔ እኮ ኤሌክትሪክ ነው፣ ጭስ የለውም።» መንግሥት የነዳጅ መኪና ማስገባትን ካገደበት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማው በርክቷል፤ ጭሱ መቀነሱ መልካም ነው። ነገር ግን መኪናው በባትሪ ስለሄደ ስፋቱ አልጠበበም፣ መስኮቱም አልተከፈተም። ከውጭ ያለውን የመስማት ችግር ያባባሰው ይመስለኛል፤ ሰው ውስጡ ሆኖ ዘፈን ከፍቶ ፒያሳን እንደ ፊልም ያሳልፋል።

የሚያስቆጨኝ ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ ፒያሳ ያለው መንገድ ታረሰና እንደገና ተሠራ። የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ የብስክሌት መስመር ተሰመረለት፣ አራት ኪሎ ላይ ከመሬት በታች መሻገሪያ ተሠራ። በዚያው እጅ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማው ዳር ተበተኑ። እውነቱን ለመናገር፣ በጠባቡ መንገድ ዘመን የሚፈለግ ነገር ሞልቶ መሄጃ አልነበረም፤ ዛሬ መሄጃው ሞልቶ የሚፈለገው ሳስቷል። ይህ ሆኖ ሳለ ሰፊውን የእግር መንገድ ትቶ በመኪና ማለፍ ድርብ ጥፋት ነው። በፈረሰው ቦታ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ጥያቄ፣ «እዚህ የነበረው ሰፈር ስሙ ማን ነበር?» የሚል፣ ጨዋታው ሊጠይቀው የሚገባ ነው። መልሱን የሚያውቁት ደግሞ አረንጓዴው መናፈሻ ላይ የተቀመጡ አዛውንቶች እንጂ ካርታው አይደለም። አዛውንት ለመጠየቅ ከመኪና መውረድ ያስፈልጋል፤ ሰላም ማለት፣ ጤና መጠየቅ፣ ከአጠገባቸው መቀመጥም ያስፈልጋል።

መጓጓዣ ሐውልትን እስከማንቀሳቀስ እንደሚደርስም ይህ አካባቢ ምስክር ነው። ፋሽስቶች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የረሸኗቸው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ተነሥቶ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ተመለሰ። ከቃሊቲ ተነሥቶ በምኒልክ አደባባይ እንዲያበቃ የታሰበው የሰሜን ደቡብ መስመር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ባቡሮቹ በመለዋወጫ እጦት እየቆሙ ተስፋ የተደረገውን ያህል አላገለገለም፤ ቢሆንም ሐሳቡ ትክክል ነበር። ወደ አሮጌው ከተማ መግቢያ ትልቅ ተሽከርካሪ፣ ውስጡን ደግሞ በእግር። ባቡሩ በማይመችበት ጊዜ ይህንኑ ሥራ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ፣ አንበሳና ሸገር አውቶቡስ ይሠሩታል። ከመገናኛ ይሁን ከስድስት ኪሎ ረዳቱ «አራት ኪሎ ፒያሳ!» ሲል ተሳፍሮ «ወራጅ አለ» ማለት የሚችል ሰው ለዚህ ጨዋታ የሚያስፈልገውን መጓጓዣ በሙሉ አግኝቷል። በወሩ የመጨረሻ እሁድ መንገድ ለሰው የሚል ቅስቀሳ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሰው ሲያጥለቀልቃቸው አይተናል። ያን ጊዜ «መኪና ከሌለ መውጣት አይቻልም» የሚለው ተረት ለአንድ ማለዳ ጠፍቶ ነበር።

መኪና ጨርሶ አይግባ እያልኩ አይደለም። ጉልበታቸው የደከመ እናት ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጓደኛ ካለ መኪናው ከጊዮርጊስ ደጃፍ ድረስ ያምጣቸውና ሹፌሩ ሌላ ቦታ ሄዶ ይጠብቅ። እንጦጦ መውጣት የፈለገም ሽሮ ሜዳ ድረስ በታክሲ ይሂድ። ሥላሴ ካቴድራልም፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በክብር ያረፉበትና ሲልቪያ ፓንክኸርስት የተቀበሩበት ነውና፣ ቸኩሎ አይታለፍም፤ አዛውንት የያዘ ቡድን እዚያ ብቻ ግማሽ ቀን ቢውል ይበቃዋል።

አሁን የሚቀረው የጥያቄ አዘጋጆቹ ሥራ ነው። በሌላው ዓለም ጨዋታውን የሚያሰናዱ ሰዎች ከፍለጋው ነጥብ ጋር የመኪና ማቆሚያ ነጥብ ማስቀመጥ ልማዳቸው ነው፤ የጫካ መንገድ ላይ ያስፈልጋል። የእኛዎቹም ያንኑ ቀድተው «መኪና ማቆሚያ» ብለው ከጻፉ ከላይ የተነገረው ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ፈላጊው በዚያች ቃል ተጋብዞ መኪናውን ይዞ ይመጣል። በቦታው መጻፍ ያለበት ይህ ነው፦ መነሻ አራት ኪሎ ታክሲ መውረጃ፤ መድረሻ ጊዮርጊስ ደጀ ሰላም፤ በመካከል ራስ መኮንን ድልድይና ጣይቱ ሆቴል፤ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ እስኪያልቅ ካቴድራሉን አትዙሩ፤ ጃንጥላ ያዙ፤ ሳንቲም ያዙ።