የኮሌጅ ቁጠባና የመንግሥት አደራ

መንግሥት ስሙን ለአንድ ነገር ካዋሰ ተጠያቂነቱንም ሊሸከም ይገባዋል ብለን እናምናለን። ይህን የምንለው በዚህ በአሜሪካን አገር ወላጆች ለልጆቻቸው የኮሌጅ ትምህርት ስለሚያስቀምጡት፣ በተለምዶ «529» ስለሚባለው ቁጠባ ነው። ስሙን ያገኘው በ1996 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንጽፋለን) በፌዴራሉ የግብር ሕግ ውስጥ ከገባው አንቀጽ ቁጥር ነው። ወላጅ ገንዘቡን ያስቀምጣል፤ ገንዘቡ በአክሲዮንና በቦንድ ላይ ውሎ ያተርፋል፤ ለትምህርት እስከ ዋለ ድረስ ትርፉ አይገበርበትም። ስለዚህ መንግሥት ሊሰበስበው ይችል የነበረውን ግብር በመተው በቁጠባው ውስጥ እጁን አግብቷል ማለት ነው።

ታዲያ ማን ይቈጣጠረዋል? ነገሩ የሚጠላለፈው እዚህ ላይ ነው። ቁጠባውን የሚያቋቁመው ስቴቱ ነው፤ ሰነዱ የስቴት ሰነድ በመሆኑም አንድ የግል ኩባንያ አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ እንደሚገደደው በፌዴራሉ ተቈጣጣሪ ዘንድ እንዲመዘገብ አይገደድም። አሻሻጮች በመካከል ሲገቡ እነርሱን የሚገዛ ደንብ አውጪ ቦርድ አለ፤ ስቴቱን ግን አይገዛም። ማጭበርበር ከተገኘ የፌዴራሉ ሕግ ይደርስበታል፤ ቸልተኝነትና የሒሳብ ዝርክርክነት ሲሆን ግን ነገሩ በአብዛኛው ለስቴቱ የተተወ ነው። ሻጩም ዳኛውም አንድ ሆነ።

የዚህን ፍሬ ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ በሜሪላንድ አይተነዋል። ስቴቱ «የነገውን የትምህርት ክፍያ በዛሬ ዋጋ አስቀድማችሁ ግዙ» የሚል ውል ለወላጆች ሲሸጥ ኖሯል። በ2022 የወለዱ አሰላል ስሕተት አለበት ተባለና ወላጆች በሒሳባቸው ላይ ተጽፎ ያዩት ወለድ እንዳይወጣ ታገደ። ልጆቻቸው ኮሌጅ የገቡባቸው ወላጆች አናፖሊስ ድረስ ሄደው በምክር ቤቱ ፊት ተናገሩ፤ ክፍያውን ለመሸፈን ብድር የገቡም ነበሩባቸው። ድርጅቱ የራሱ ቦርድ ነበረው፤ ቦርዱ ግን አደራውን ሊጠብቅ አልቻለም። በመጨረሻ ምክር ቤቱ ቦርዱን አፍርሶ ሥራውን ከጁን 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለስቴቱ ግምጃ ቤት ሹም አስረከበ። መልካም አድርጓል፤ ነገር ግን ቁጥጥሩ የመጣው ወላጅ ከጮኸ በኋላ ነው።

የአላባማው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በ1990 የተጀመረው ተመሳሳይ ውል በ2008ቱ የገበያ ውድቀት ተመታ። መንግሥት ዋስ ነው ብለው ያመኑ ወላጆች ሕጉ ዋስትና እንዳልሰጣቸው ያወቁት ያን ጊዜ ነው። በ2010 ምክር ቤቱ 548 ሚሊዮን ዶላር ቢመድብም ኋላ የተደረሰው ስምምነት የሚከፈላቸውን በ2010 የትምህርት ዋጋ ላይ አቆመው፤ ዋጋው ግን በ2010 ላይ አልቆመም።

እናቶቻችን የሚጥሉት እቁብ እንኳ ዳኛ አለው፤ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። አባላቱ በየሳምንቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሒሳቡ ቢዛነፍ ያችኑ ዕለት ይታወቃል። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ታክሲ ነጂ ወገናችን ለልጁ ኮሌጅ ገንዘብ ሲያስቀምጥ ግን ዋስ የሚሆነው በወረቀቱ ራስ ላይ ያየው የስቴቱ ስም ብቻ ነው። ስድሳ ገጽ መግለጫ በሕግ ቋንቋ ተጽፎ ቢሰጠው ማን ያነብለታል? (እኛ ራሳችን የሕግ ተማሪ ፈልገን ነው ያነበብነው።)

ግብሩን የመተዉስ ጥቅም ለማን ነው? የኮንግሬሱ ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2012 ባወጣው ዘገባ፣ በ2010 በዚህና በሌላ መሰል ቁጠባ የተጠቀሙት ከአገሩ ቤተሰቦች ከመቶ 3 ያነሱ ነበሩ፤ እነርሱም ከሌላው እጅግ የበለጠ ሀብት ያላቸው ናቸው። ፕሬዚዳንት ኦባማ በጃንዋሪ 2015 ወደፊት በሚገኘው ትርፍ ላይ ግብር እንዲከፈል ሐሳብ ቢያቀርቡ ተቃውሞው በርትቶባቸው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተዉት። የሜሪላንድ ወላጆች ግን አስተዳደሩ እስኪለወጥ ብቻ ከዓመት በላይ ጠብቀዋል። አንዱ የፌዴራል ሌላው የስቴት ጉዳይ መሆኑን አልዘነጋንም፤ ቢሆንም የባለጸጋና የደኻ ጩኸት እኩል እንደማይሰማ ያሳያል።

ቁጥጥር ሲበዛ ወጪ ይጨምራል የሚሉ አሉ። ይጨምር ይሆናል፤ የወጪው ልክ ይነገረንና እንከራከርበት። እኛ የምንጠይቀው፣ ቁጠባውን ከሚያስተዳድረው ክፍል ውጭ የሆነ መርማሪ በየዓመቱ የእያንዳንዱን ውል ሒሳብ እንዲያጣራ፤ ዋስትናው እስከምን ድረስ እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በግልጽ ቃል እንዲጻፍ፤ የታገደ ገንዘብም በስንት ቀን ውሳኔ ማግኘት እንዳለበት በሕግ እንዲወሰን ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ ተሰብስቦ 90 ቀን ይቀመጣል፤ ማኅበራችን ከዚያ በፊት ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ እንዲልክ፣ የሒሳብና የሕግ መምህሮቻችንም ረቂቁን እንዲያዩልን እንለምናለን።