ስለ አንድ የቆየ የአክሲዮን ጨዋታ



ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት የሚነሣው ወሬ የአክሲዮን ወሬ ሆኗል። ማን ስንት አክሲዮን እንደ ገዛ፣ የትኛው ባንክ የተሻለ ትርፍ እንደሚያካፍል፣ ዋጋውም ነገ ይወጣል ወይስ ይወርዳል እየተባለ ይከራከሩበታል። ወሬው መልካም ነው፤ ደክሞ ያገኘውን ገንዘብ በአልባሌ ነገር ከማጥፋት ይልቅ ለነገ ማሰብ ከማንኛውም ሠራተኛ የሚጠበቅ ነው። ዳሩ ግን ስለ አክሲዮን ከሚነገረው ይልቅ የማይነገረው በዝቶ ስለ ታየኝ፣ በዚህ በአንባቢያን ዓምድ ጥቂት አሳብ ለመስጠት ፈለግሁ። የባንክ ሰው አይደለሁም፤ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለዚህም የማወራው ስለማውቀው ነገር፣ ይኸውም በክፍል ውስጥ ስለምጠቀምበት አንድ የቆየ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው።

ጨዋታው «ስቶክ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ አክሲዮን ማለት ነው። ሥዕል የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ድምፅም የለውም፤ ያለው ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። መጀመሪያ ያዘጋጁት በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሀንቲንግተን የኮምፒዩተር ፕሮጀክት ሰዎች ሲሆኑ፣ የፕሮጀክቱም ዓላማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በላቦራቶሪ ሊያዩት የማይችሉትን ነገር በኮምፒዩተር አስመስሎ ማሳየት ነበር። የተጻፈበት ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በዳርትመዝ ኮሌጅ ጆን ኬመኒና ቶማስ ከርትዝ የፈጠሩት ነው። ዴቪድ አል የተባለ ሰው በ1978 ባወጣው «ቤዚክ ኮምፒዩተር ጌምስ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ከሌሎች ጨዋታዎች ጋር ስለ ታተመ በየአገሩ ተሠራጨ። በዚያን ዘመን ሰው መጽሐፉን ከፊቱ ዘርግቶ ፕሮግራሙን ፊደል በፊደል ወደ ኮምፒዩተሩ ይገለብጥ ነበር፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል ጨዋታው አይነሣም። (ስለ ጽሕፈት ጥንቃቄ ተማሪዎቼን ስመክር ይህን ሁልጊዜ እጠቅሳለሁ፤ እነርሱም ሁልጊዜ አይሰሙኝም።)

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ተጫዋቹ 10,000 ዶላር ይሰጠዋል። የአምስት ኩባንያዎች አክሲዮን ከነዋጋቸው ተዘርዝረው ይቀርቡለታል። ስማቸው ራሱ ቀልድ ነው፤ አይ.ቢ.ኤም. የሚለውን ምሕጻር አይቶ ታዋቂው የኮምፒዩተር ኩባንያ የመሰለው ሰው ሙሉ ስሙን ሲያነብ «ዓለም አቀፍ ባሊስቲክ ሚሳይሎች» ሆኖ ያገኘዋል፤ ኤ.ቢ.ሲ. የተባለውም «የከሰረው የአሜሪካ ኩባንያ» ነው። መግዛት የፈለገ የመደመር ምልክትና ቁጥር፣ መሸጥ የፈለገ የመቀነስ ምልክትና ቁጥር ይጽፋል። ከገንዘቡ በላይ የገዛ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ይህን ያህል አሳልፈሃል ብሎ ይመልሰዋል፤ የሌለውንም አክሲዮን መሸጥ አይፈቀድለትም። ከዚህ በኋላ የዕለቱ ገበያ ይዘጋል፤ አዲስ ዋጋ ይወጣል፤ የገበያው አማካይ ዋጋም በስንት እንደ ተለወጠ አብሮ ይጻፋል።

ይህን ጨዋታ በክፍል ማሳየት ከጀመርሁ ወዲህ አንድ ወላጅ መጥተው «መምህር፣ ልጄን ቁማር እያስተማሩት ነውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። እኔ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የካርታ ጨዋታ በጥብቅ የተከለከለበት ስለ ነበር፣ የሰውየው ስጋት ከየት እንደ መጣ አላጣሁትም። በበኩሌ የሰጠኋቸው መልስ ግን ይህ ነበር። ጨዋታው ገና ሲከፈት ዋጋዎቹ የሚወጡት በዕጣ እንደ ሆነ፣ ስለዚህም የእውነተኛውን ገበያ ሁኔታ በትክክል እንደማያሳይ፣ በእያንዳንዱ ግዢና ሽያጭም ላይ ከመቶ 1 የደላላ ዋጋ እንደሚቆረጥ ለተጫዋቹ ይነግረዋል። ቁማርተኛ ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት «ብታሸንፍ በዕድልህ እንጂ በዕውቀትህ አይደለም» ብሎ ሲያስጠነቅቅ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ለወጣቶቻችን በስልካቸው ገንዘብ በአንድ ሌሊት እናበዛላችኋለን የሚሉት ሰዎችም ይህን ሲናገሩ አልሰማሁም።

የደላላውን ዋጋ ነገር እንመልከት። ከመቶ 1 ሲባል ለጆሮ ምንም አይመስልም። ዋጋው ከቶ ሳይንቀሳቀስ ባለበት ቢቆም እንኳ፣ በ10,000 ዶላሩ በሙሉ አክሲዮን ገዝቶ በማግሥቱ ሁሉን የሚሸጥ፣ እንደ ገናም ገዝቶ እንደ ገና የሚሸጥ ተጫዋች፣ 10 ጊዜ ገዝቶ 10 ጊዜ ሲሸጥ በእጁ የሚቀረው 8,187 ዶላር ገደማ ነው። አላተረፈም፣ አልከሰረምም፤ ነገር ግን 1,800 ዶላር የሚሆነው ገንዘብ የለም። ተማሪዎቼ ይህን ራሳቸው በእርሳስ አስልተው ሲደርሱበት «ታዲያ የበላው ማነው?» ይላሉ። ስለ መቶኛ ስሌት አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ባስተምር ይህን የመሰለ ጥያቄ አላገኝም ነበር።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ የአንዱን ኩባንያ አክሲዮን ገዝታ ሦስት ቀን በተከታታይ ዋጋው ወጣላት። ለምን ያንን እንደ መረጠች ስጠይቃት፣ የኩባንያው ስም ጥሩ እንደ ሆነ፣ ዋጋውም መጀመሪያ ዝቅተኛ እንደ ነበረ እያለች ምክንያቷን ደረደረች። የገበያውን አማካይ እንድታይ አመለከትኋት፤ አምስቱም ወጥተው ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ የተሰወረ ዝንባሌ አለ፤ ከ1 እስከ 5 ቀን ሁሉንም አክሲዮኖች ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይጎትትና በዕጣ ይለወጣል። በዚያ ላይ ደግሞ አልፎ አልፎ በዕጣ የወጣው አንዱ አክሲዮን ድንገት 10 ዶላር ይጨመርለታል፤ ሌላው 10 ዶላር ይቀነስበታል። ልጅቱ የመረጠችው ሌላውን ቢሆን ኖሮም ዋጋው መውጣቱ አይቀርም ነበር። ውሃው ሲሞላ ጀልባው ሁሉ ከፍ እንደሚል ለጣና ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በጀልባው የተቀመጠው ሰው ግን ከፍ ያልሁት በራሴ ብርታት ነው ብሎ ሲያስብ ምን ይደረጋል?

አዋቂነትና ዕድል እንዴት እንደሚመሳሰሉ ለማሳየት አንድ ተጨማሪ ስሌት እሰጣቸዋለሁ። ብዙዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በክፍል 60 ተማሪ ማስተማር እንግዳ አይሆንባቸውም፤ ለስሌቱ እንዲመች 64 እንበል። እያንዳንዱ ተማሪ ነገ ዋጋው ይወጣል ወይም ይወርዳል ብሎ በግምት ብቻ ይናገር። የመውጣቱና የመውረዱ ዕድል እኩል ቢሆን፣ በመጀመሪያው ቀን 32 ያህሉ ልክ ይሆናሉ፤ በሁለተኛው 16፣ በሦስተኛው 8፣ በአራተኛው 4፣ በአምስተኛው 2፤ በስድስተኛው ቀን አንድ ተማሪ ስድስቱንም ቀን ያልተሳሳተ ሆኖ ይቀራል። ያ ልጅ ምንም ሳያውቅ በሰፈሩ የአክሲዮን ሊቅ ተብሎ ይጠራል። የተሳሳቱት 63ቱ ስለማያወሩ፣ በሻይ ሰዓት የምንሰማው የእርሱን ወሬ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጨዋታውን ያለ ልክ ያመሰገንሁ እንዳይመስል ጉድለቱንም ልናገር። በዚህ ጨዋታ የአንድ አክሲዮን ዋጋ ዜሮ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል፤ ይህንንም ራሱ አስቀድሞ ያሳውቃል። ስለዚህ ተማሪዎች የሞተውን አክሲዮን ታቅፈው ትንሣኤውን ሲጠብቁ አያለሁ። እውነተኛ ኩባንያ ከስሮ ንብረቱ ለአበዳሪዎቹ ከተከፋፈለ በኋላ ግን ለባለ አክሲዮኑ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነው። ዋናው ጉድለት ደግሞ ሌላ ነው። በጨዋታው ውስጥ ማንም አይሠራም። ፋብሪካ የለም፣ ሠራተኛ የለም፣ ዓመታዊ ሪፖርት የለም፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚከፋፈል ትርፍም የለም። በእኛ አገር ሰው የባንክ አክሲዮን ሲገዛ የኖረው ዋጋው ነገ ስንት ይሆናል ብሎ ሳይሆን የዓመቱን የትርፍ ድርሻ አስቦ ነው። አክሲዮን ማለትም በመሠረቱ የሰው ሥራ ድርሻ ነው። በዚህ ረገድ የሻይ ሰዓቱ ወሬ ከአሜሪካኖቹ ጨዋታ የተሻለ ነው፤ እኔም ይህን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ።

የአክሲዮን መገበያያ ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ አክሲዮን ይሸጥ ይለወጥ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ድርጅቶች ሲወረሱ ነገሩ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ስላለፈ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ልምድ አልቀረልንም። አሁን በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ተፈቅዶ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከመቶ 10 ድርሻውን ለሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ሰው ሊገዛ የሚችለውም በትንሹ 33 አክሲዮን፣ ማለት 9,900 ብር ነበር። የጨዋታው 10,000 ዶላር የማንም አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። 9,900 ብር ግን ለብዙ ሠራተኛ የአንድ ወር አስቤዛና የቤት ኪራይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ትምህርት ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሕዝቡን ስለ አክሲዮን ለማስተማር ሲያስቡ በስብሰባ አዳራሽ በሚሰጥ ገለጻ ብቻ አይወሰኑ። «ስቶክ»ን የመሰለ ጨዋታ፣ በአማርኛና በሌሎችም የአገሪቱ ቋንቋዎች ተዘጋጅቶ፣ የትርፍ ድርሻና የዓመት ሪፖርት ተጨምሮበት ለትምህርት ቤቶች ቢሰጥ ወጪው እጅግ ትንሽ ነው። ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ በአሮጌ ኮምፒዩተር ይሠራል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። መሥሪያ ቤቶችም ለሠራተኞቻቸው ቢያቀርቡት ከሻይ ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ አይወስድም።

ኮምፒዩተር የሌለበት ትምህርት ቤት ያሉ የሙያ ጓደኞቼም መጠበቅ የለባቸውም። መብራት በጠፋ ቀን እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በሰባት ትንንሽ ወረቀቶች ላይ ከመቀነስ 3 እስከ መደመር 3 ያሉትን ቁጥሮች ጽፌ እንደ ዕቁብ ዕጣ እጠቀልላቸውና በባርኔጣ ውስጥ እጨምራቸዋለሁ። የአምስት ኩባንያዎችን ስም በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ስሙን የሚያወጡት ተማሪዎቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ ኩባንያ አንድ ልጅ ዕጣ ያወጣል፤ ዋጋው በዚያው መጠን ይለወጣል፤ ወረቀቱም ለሚቀጥለው ወደ ባርኔጣው ይመለሳል። አንድ ልጅ ደላላ ሆኖ ከመቶ አንዱን ይሰበስባል፤ ሌላው አማካዩን ያሰላል። በመጨረሻ ሁሉም የቀራቸውን ገንዘብ፣ አጠገቡም የገበያውን አማካይ ለውጥ ጽፈው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምን እንደ መጣ በአጭሩ ያስረዳሉ። ማርክ የምሰጠው ለማስረዳታቸው እንጂ ለቀራቸው ገንዘብ አይደለም።

አንድ የሒሳብ መምህር
ከአዲስ አበባ