ጤና ጣቢያችንን ማን ይመዝነው?

ዛሬ የምናነበው ስለ ጤና ጣቢያ ነው።

በብዙ ወረዳዎች ሕዝቡ በየ3 ወሩ ተሰብስቦ ለጤና ጣቢያው ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ የሚሰጠው በ6 ነገሮች ነው። ሠራተኞቹ በሽተኛውን ያከብራሉ ወይ? ወረፋው ስንት ሰዓት ይፈጃል? መድኃኒትና ምርመራ አለ? ግቢው ንጹሕ ነው? ውሃና መብራትስ አለው? አምቡላንስ ሲጠራ ይመጣል?

ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን በስብሰባው ላይ የሚናገረው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ጎልማሳው ነው። ሽማግሌዎች መርቀው ስብሰባውን ይከፍታሉ፤ ከዚያ ዝም ይላሉ። የድንበር ጠብ ሲነሳ ያለ እነሱ የሚሆን ነገር የለም። ስለ ጤና ሲሆን ግን «እነሱ ምን ያውቃሉ?» ይባላል። ይህ ልክ አይደለም።

ለመሆኑ ጤና ጣቢያ የሚመላለሰው ማን ነው? ወጣት ወባ ቢይዘው ታክሞ ይድናል። ዓመት ሙሉ ላይመለስ ይችላል። የደም ግፊት ያለበት አረጋዊ ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። መድኃኒቱ ሲጠፋ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

በምናስተምርበት ቀበሌ አንዲት እናት እንዲህ ብለው አጫወቱን።

«ልጆቼ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ እሄዳለሁ። ስደርስ ወረፋው ሞልቷል። አግዳሚውንም ወጣት ይዞታል። ሐኪሙ ደግሞ የሚያናግረው ልጄን ነው። የታመምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

እኚህ እናት ከ6ቱ ነገሮች 2ቱን በአንድ ትንፋሽ መዘኑ። ግን የተናገሩት ለእኛ እንጂ በስብሰባው አይደለም። ለእኛ መንገር ወረፋውን አያሳጥርም።

ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌዎችም አሉ። «እርጅና ነው» ብለው ቤት ይቀመጣሉ። የዓይን ሞራ ከሆነ ግን በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሕክምናው የትና መቼ እንደሚሰጥ ጤና ጣቢያው እንዲነግራቸው በስብሰባው መጠየቅ ይችላሉ።

መሄድ የማይችሉትስ? ቃላቸው ይሂድላቸው። እናንተ አሁን መጻፍ ችላችኋል። ዛሬ ማታ ከቤታችሁ አረጋዊ ጋር ቁጭ በሉ። 6ቱን ጥያቄ አንብቡላቸው። የሚሉትን እንዳሉት ጻፉ፤ የእናንተን ሐሳብ አትጨምሩበት። ራሳችሁ አረጋዊ ከሆናችሁ ደግሞ የራሳችሁን ጻፉ። ወረቀቱ በስብሰባው ላይ ይነበባል።

ፊደል ቢሳሳት ግድ የለም። ሰኞ ይዛችሁት ስትመጡ አብረን እናርመዋለን።