ልጁን ማን ተቀብሎ ለማን ያስረክበዋል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገሩ ሁሉ መምህር ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ፌስቡኩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ፣ ያኔም ተጨቃጨቅን። መምህሩ ነው፣ ተማሪው ነው፣ ስልኩ ነው፣ ኩረጃው ነው... ሁሉም የየራሱን ጥፋተኛ ያዘ። እኔ ዛሬ ላወራ የፈለግኩት ግን እዚያ ቆጠራ ውስጥ ጭራሽ ስለማይገቡ ልጆች ነው። አንዳንዶቹ 12ኛ ቀርቶ አንደኛ ክፍልም አልደረሱም። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡና እስኪፈላ አንብቡት።

የልዩ ፍላጎት ባለሙያ አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅኩ፣ በአንድ የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ነኝ። ስለ ልዩ ፍላጎት ኮሌጅ ውስጥ አንድ ኮርስ ወስጃለሁ፤ የቀረውን ያወቅኩት ከክፍል፣ ከወላጆችና ከማንበብ ነው። የምለው ነገርም አንድ ነው፦ ከልደት እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ የአካል ጉዳት ወይም የዕድገት መዘግየት ያለበትን ልጅ የሚያየው ሰው በየቦታው አለ። የሌለው፣ ልጁን ከአንዱ እጅ ተቀብሎ ለሌላው የሚያስረክብ ሰው ነው። የጎደለን ቅብብሎሽ ነው።

ምን ለማለት እንደፈለግኩ በአንድ ተማሪ ላሳያችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት 9ኛ ክፍል የመጣች ልጅ ነበረች። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ኋላ ትቀመጣለች። ጽሑፏ ያምራል፣ ከሰሌዳ ላይ አንድ ፊደል አይቀራትም። ቃል በቃል የሚነገር ነገር ግን አይያዝላትም። ከታች ክፍል ጀምሮ "ዝምተኛ ናት" ተብላ ነው የመጣችው። እናቷ ተጠርተው ሲመጡ "ኧረ የኔ ልጅ፣ እሷ እኮ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ጆሮዋ ይመግል ነበር" አሉ። ጤና ጣቢያ ወስደዋታል። ጠብታ ተሰጥቷታል። መግሉ ደረቀ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ትሰማለች ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እናቷም ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቧት ስለ ጆሮዋ የጠየቃቸው የለም።

ጤና ጣቢያው ጆሮ አየ። ትምህርት ቤቱ ዝምታ አየ። ሁለቱ ግን ተገናኝተው አያውቁም። ልጅቷን ፊት ወንበር አስቀመጥናት፣ ስንናገር ፊታችንን ወደ እሷ ማዞር ያዝን፣ ሆስፒታልም ተላከች። ውጤቷ ተሻሻለ። የባከኑትን ስምንት ዓመታት ግን ማንም አይመልስላትም። እሷ ደግሞ ዕድለኛዋ ናት፤ ቢያንስ እኛ ጋ ደርሳለች።

አሁን አንድ ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ ስንት ጊዜ በመንግሥት እጅ እንደሚያልፍ ቁጠሩልኝ። ሲወለድ ይከተባል። በ6 ሳምንት (ያው የ45 ቀን የምንለው)፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ ከዚያ በ9 ወር፣ ከዚያ በ15 ወር። ሳይቋረጥ ከተከተበ ቢያንስ 6 ጊዜ ማለት ነው። ከ6 ወሩ ጀምሮ እስከ 5 ዓመቱ ደግሞ በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ አለ። ከዚያ ቅድመ አንደኛ፣ ከዚያ አንደኛ ክፍል። ይሄ ሁሉ የምንኮራበት ሥራ ነው። ጤና ኤክስቴንሽኖች ዝናብ ሳይሉ ፀሐይ ሳይሉ በእግራቸው ዞረው ያመጡት ነው።

ግን በነዚያ ሁሉ ጊዜያት በአብዛኛው የሚደረገው ልጁን መመዘንና መከተብ ነው። ከ15 ወር በኋላ ደግሞ እናትየው ጤና ኬላ የምትሄድበት ምክንያት እየሳሳ ይሄዳል። እስቲ አስቡት፣ ልጅ አፉን የሚፈታው፣ መሮጥ የሚጀምረው፣ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት የሚለምደው መቼ ነው? ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ችግሩ በደንብ በሚታይበት ዕድሜ ላይ ተመልካቹ ይጠፋል።

"ሲያድግ ይተወዋል" የምትባል ነገር አለችን። አንዳንዱን በርግጥ ይተወዋል። ሁሉንም ግን አይተወውም፣ አንዳንዱ ነገር ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተጀመረለት በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ፣ ቀጥሎም በልዩ ጫማ ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህን ይሠራል። ከዘገየ ግን ሥራው ይከብዳል። ዓይኑ ላይ ሞራ ይዞ የተወለደ ልጅ በጨቅላነቱ ካልታከመ፣ በኋላ ሞራው ቢነሳለትም አእምሮው ማየትን ሳይለምድ ይቀራል። የመስማት ጉዳይ ደግሞ ባለሙያዎቹ 1፣ 3፣ 6 የሚሉት ቀመር አለው፦ በ1 ወር ምርመራ፣ በ3 ወር ችግሩን ማረጋገጥ፣ በ6 ወር ድጋፍ መጀመር። እኛ ጋ መስማት የተሳነው ልጅ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የሚመጣው በ7 እና በ8 ዓመቱ፣ አንድም ቋንቋ ሳይዝ ነው። የምልክት ቋንቋ እንኳ የሚያሳየው ሰው አላገኘም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ የማን ሥራ ነው? ጥያቄው እዚህ ጋ ነው የሚጣፍጠው። ወረቀቱ ላይ የሦስት መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያዘጋጁት ነው። በዚያው ዓመት አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። አንቀጽ 25 ችግሩ ቀድሞ እንዲለይና ድጋፉ ቀድሞ እንዲጀመር ያዛል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ ማቋቋሚያው በተቻለ መጠን ገና ከጅምሩ ይሁን ይላል። የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂም አለን። ወረቀት አላጣንም።

መሬት ላይ ስትወርዱ ግን የሦስት ቢሮ የተባለው የማንም ይሆናል። አንዲት እናት የልጇን ወረቀት በፌስታል ይዛ ትዞራለች። ጤና ጣቢያው "ሪፈር" ይላታል። ሆስፒታሉ "ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ" ይላታል። ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል ደብዳቤ ይጽፍላታል። ትምህርት ቤቱ "ዕድሜው ሲደርስ አምጪው" ይላታል፣ ዕድሜው ሲደርስ ደግሞ "ለሱ የሚሆን መምህር የለንም" ይላታል። አንዳቸውም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሁሉም የየድርሻውን ሠርቶ መዝገቡን ዘግቷል። የልጁን ሙሉ ታሪክ የምታውቀው ግን እናቱ ብቻ ናት። አስተባባሪውም፣ መዝገብ ቤቱም፣ ተላላኪውም እሷው ናት። እሷ የደከማት ቀን ነገሩ ያበቃል።

ይሄ በሌላም አገር የታየ ችግር ነው። አሜሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች አንድ ሥርዓት ዘረጋች። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ የፌስቡክ ወዳጆቼ፣ በተለይ በልጃችሁ ምክንያት ያለፋችሁበት፣ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔን የገረመኝ የማሽኑና የባለሙያው ብዛት አይደለም፤ እሱማ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የገረመኝ ሁለት ቀላል ነገር ነው። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ በስም የሚታወቅ አስተባባሪ ይመደባል። ሁለተኛ፣ ቀን ተቆርጧል፦ ልጁ ከተላከ በ45 ቀን ውስጥ ተመርምሮ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው ዕቅድ ማውጣት አለባቸው፤ ልጁ 3 ዓመት ሊሞላው ቢያንስ 90 ቀን ሲቀረው ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት ስለሚሸጋገርበት መንገድ ስብሰባ ይደረጋል። እዚያም ቢሆን ወላጆች በጣም የሚቸገሩት በዚያች የ3 ዓመት መሻገሪያ ላይ ነው። ልዩነቱ፣ መሻገሪያው አስቸጋሪ እንደሆነ አውቀው ሰው አቁመውበታል።

"አሜሪካን ከኛ ጋር ታወዳድራለህ እንዴ?" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በጀት የለም፣ ባለሙያ የለም። እውነት ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ወረዳ ላይ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ግን ከምናጣቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ቀላል ነገር ነው። የጆሮ መግል በጊዜ ማከም፣ መነጽር፣ ጀሶ፣ ፊት ወንበር፣ ቤት ውስጥ እናት ልጇን በብዛት እንድታናግር መምከር። ባለሙያ እስኪመጣ ልጁ ቆሞ አይጠብቅም፣ ያድጋል።

"ጤና ኤክስቴንሽኗ ላይ ሌላ ሥራ ልትጭን ነው?" የሚለው ደግሞ ከባድ ጥያቄ ነው። እኔም ሪፖርት በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ የማውቅ ሰው ነኝ። አዲስ ቅጽ ብቻ ከሆነ የሚመጣው ባይመጣ ይሻላል። ስለዚህ ያለው ካርድ ላይ ይጨመር እንጂ ሌላ ወረቀት አይፈጠር።

ሦስተኛው ሥጋት ስም መለጠፍ ነው። "ልጄን እብድ ሊሉብኝ ነው" ብሎ የሚሸሽ ወላጅ አለ። እርግማን ነው ተብሎ ቤት የሚዘጋበትም ልጅ አለ። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ዘሚ የኑስ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ስትናገርና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት የራሷን ልጅ ይዛ ነው የወጣችው፤ ብዙ እናቶችም እሷን አይተው በራቸውን ከፈቱ። በ2013 ዓ.ም. አረፈች፤ ሥራዋ ግን ይናገራል። ጥያቄው ለተመረጡ ልጆች ሳይሆን ለሁሉም ሕፃን ከተጠየቀ ማንም ተለይቶ አያፍርም። ክትባት ስለምታስከትብ ያፈረች እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ ዝም ብሎ ማማረር አይሁን፣ በኔ ዓቅም የሚታየኝን ላስቀምጥ፦

1. ክትባት ካርዱ ላይ ጥቂት ጥያቄዎች ይታተሙ። በ9 ወር፦ ያለ ድጋፍ ይቀመጣል? ድምፅ ወደመጣበት ይዞራል? በ15 ወር፦ የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል? በ18 ወር፣ ለቫይታሚን ኤ ሲመጣ፦ ራሱን ችሎ ይራመዳል? እማዬ፣ ውሃ የመሰለ ቃል አለው? "አይ" የሚል መልስ በሽታ ነው ማለት አይደለም፤ ይታይ ማለት ነው።

2. በየቀበሌው አንድ ተጠሪ በስም ይታወቅ። አዲስ ቅጥር አይደለም። ጤና ኤክስቴንሽኗ ትሁን፣ የቅድመ አንደኛ መምህሯ ትሁን፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ይሁን፣ እነሱ ይስማሙ። ዋናው እናትየው "ማንን ልጠይቅ?" ስትል አንድ ስም መኖሩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ወላጆችን ቤት ለቤት የሚያማክሩ ሠራተኞች ተመድበዋል። ክልል ላይ ቢያንስ አንድ ሰው በቀበሌ አይበዛም።

3. ሪፈር መልስ ይኑረው። የላከው ሰው ልጁ መድረሱን፣ ምን እንደተባለ፣ ቀጣዩ ቀን መቼ እንደሆነ ይወቅ። መልስ ካልመጣ ተጠሪው ይደውል። በስልክ የማይደርስ ቦታ ካለ በሰው።

4. በዓመት አንድ ቀን ርክክብ ይደረግ። የአዲስ ተማሪ ምዝገባ ሳይጀመር ጤና ኬላና ትምህርት ቤት መዝገባቸውን ይዘው አብረው ይቀመጡ። "ዘንድሮ ቅድመ አንደኛ የሚገቡት እነዚህ ናቸው፣ ይህችኛዋ ጆሮዋ ይመግል ነበር፣ ይሄኛው ዘግይቶ ነው የተራመደ።" ለዚህ ግማሽ ቀንና ሁለት ወንበር ይበቃል። የቤተሰቡ ፈቃድና የልጁ ምስጢር ግን ይጠበቅ፤ የቡና ወሬ አይሁን።

5. የአካቶ ትምህርት ድጋፍ ማዕከል ያላቸው ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት መምህራቸውን ወደ ቅድመ አንደኛ ክፍሎችም ይላኩ። አንደኛ ክፍል እስኪደርስ መጠበቅ ምን ያደርጋል?

ይሄ ሁሉ ተደርጎ የሐኪምና የባለሙያ እጥረቱ አይፈታም። አላልኩምም። ግን ቢያንስ ስንት ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው እናውቃለን። ዛሬ ወረዳ ላይ በጀት ሲጠየቅ "ስንት ልጅ አለ?" ሲባል የሚመልስ የለም። ያልተቆጠረ ልጅ ደግሞ በጀት የለውም።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ላይ የከበዳችሁ ነገር ካለ "ሲያድግ ይተወዋል" ያላችሁን ሰው አመስግናችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ "ይሰማል ወይ? ያያል ወይ? ይመርመርልኝ" በሉ። የታችኛው ክፍል መምህራን፣ እናንተ ሰነፍ ያላችሁት ልጅ ላይ አንድ ቀን ከኋላው ሆናችሁ በቀስታ ስሙን ጥሩት። ካልዞረ ጉዳዩ ስንፍና ላይሆን ይችላል። ጤና ኤክስቴንሽኖች፣ በዚህ ላይ የምትጨምሩት ወይም የምታርሙኝ ነገር ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሥራውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ወረዳ ላይ ወንበር ያላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ 4ኛዋን ብቻ ዘንድሮ ሞክሯት። በጀት አትጠይቅም።

ሼር ብታደርጉት ደስ ይለኛል። ሰላም ዋሉ።